ፈረሱን አስቀድሙ፦ ኩራሲየርን ወደ ካራቢኒየር የመቀየርና የመቀባት መመሪያ

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል። ለጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ ፈረሰኛ ስትሠሩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጠረጴዛው ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ፈረሱ ላይ ነው። ከሞዴሉ ሰፊውን ቦታ የያዘው እሱ ነዋ። ጋላቢውን የቱንም ያህል ብታሳምሩት ፈረሱ ወጥ ቡናማ ከሆነ ሥራው ሁሉ የተቻኮለ ይመስላል። ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ ከፈረሱ እጀምራለሁ። ጋላቢው ተራውን ይጠብቃል።

ለማሳያ የመረጥኩት አንድ የተወሰነ ሥራ ነው። በ28 ሚሊሜትር መጠን (የቆመ ሰው ቁመት በግምት ይህን ያህል ሆኖ) የተሠሩ የናፖሊዮን ዘመን የፈረንሳይ ኩራሲየሮችን ወደ ካራቢኒየር እንቀይራለን። ኩራሲየር በፕላስቲክ በቀላሉ ይገኛል። የሁለቱ ልዩነት ደግሞ፣ ቀለሙን ትተን፣ በአብዛኛው ከአንገት በላይ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሞዴል ለሚቀይር ሰው ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አላውቅም።

መጀመሪያ ሰዎቹን እንወቃቸው

ሁለቱም ከባድ ፈረሰኞች ናቸው። ኩራሲየሩ ጥቁር ሰማያዊ ልብሱ ላይ የብረት ጥሩር (ደረትና ጀርባን የሚሸፍን መከላከያ) ያጠልቃል። የራስ ቁሩም ብረት ነው። ዙሪያውን ጥቁር ጠጉር ይከበዋል። አናቱ ላይ የናስ ሸንተረር አለው፤ ከሸንተረሩ ወደ ኋላ ረጅም የፈረስ ጭራ ይወርዳል።

ካራቢኒየሮቹ እስከ እ.ኤ.አ. 1809 ድረስ ጥሩር አልነበራቸውም። ጥቁር ሰማያዊ ኮትና ትልቅ የድብ ቆዳ ቆብ ነበር ልብሳቸው። በዚያ ዓመት በኦስትሪያ ላይ በተደረገው ዘመቻ ክፉኛ ተጎዱ። በዓመቱ መጨረሻ ናፖሊዮን እነሱም ጥሩር እንዲለብሱ አዘዘ። አዲሱ ልብስ ነጭ ኮት፣ ውሃ ሰማያዊ አንገትጌ፣ በናስ የተለበጠ ጥሩርና የናስ ራስ ቁር ሆነ። ራስ ቁሩ ላይ ከፊት ወደ ኋላ የሚዞር ወፍራም ቀይ ጉንጉን አለ። በ1812 ሩሲያ ውስጥ ቦሮዲኖ ላይ፣ በ1815 ቤልጂየም ውስጥ ዋተርሉ ላይ የተዋጉት በዚህ ልብስ ነው።

ናሱ ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለጋችሁ ፓሪስ በሚገኘው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ያለውን የፍራንሷ አንትዋን ፎቮን ጥሩር ፎቶ ፈልጉ። ፎቮ ካራቢኒየር ነበር። ዋተርሉ ላይ የመድፍ ጥይት ጥሩሩን ከደረቱ በስቶ በጀርባው ወጥቷል። ቀለም ስቀባ ይህን ፎቶ አጠገቤ አደርገዋለሁ። ለናሱ ቀለም ብቻ ብዬ አይደለም። የምንሠራቸው ትንንሽ ምስሎች በእውነት የኖሩ ሰዎች እንደነበሩ ያስታውሰኛል።

የሚያስፈልጋችሁ

ስለታም ከተር፣ ቀጭን ሞረድ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ የፕላስቲክ ማጣበቂያና ሱፐር ግሉ። ባለ 1 ሚሊሜትር የእጅ መሰርሰሪያና የዚያኑ ያህል ውፍረት ያለው ሽቦ። ግሪን ስታፍ የሚባለው፣ ቢጫና ሰማያዊ ሆኖ የሚመጣው የኤፖክሲ ሊጥ። የስፌት መርፌና ስቴኪኒ። አክሪሊክ ቀለሞች፤ ለፈረሱ ደግሞ አንድ ቱቦ ጥቁር ቡናማ የዘይት ቀለም። ብሩሽ አታብዙ። ጫፉ የማይበተን አንድ ጥሩ ብሩሽ ከአሥር ርካሽ ይበልጣል።

ሞዴሎቻችሁ ከፕላስቲክ ሳይሆን ከብረት ከሆኑ፣ በተለይ የቆዩ ከሆኑ፣ እርሳስ ሊኖርባቸው ይችላል። ስትሞርዱ ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። እጃችሁን ሳትታጠቡ ምግብ አትንኩ።

ደረጃ 1፦ ፈረሱን መገጣጠምና መቀየር

የፕላስቲክ ፈረሶች አብዛኛውን ጊዜ ግራና ቀኝ ተብለው በሁለት ግማሽ ይመጣሉ። ከማጣበቃችሁ በፊት የአንዱን ፈረስ ግራ ከሌላው ቀኝ ጋር ሞክሩት። ሁሉም አይገጥምም። የሚገጥም ካለ ግን ምንም ሳትቆርጡ አዲስ አረማመድ አገኛችሁ ማለት ነው። አሥራ ሁለት ፈረሶች ጎን ለጎን ሲቆሙ ሦስቱ አንድ ዓይነት እግር ካነሱ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል።

ካጣበቃችሁ በኋላ መጋጠሚያውን በከተሩ ጀርባ ፋቁት። ኮርቻ ሥር ለሚውለው መስመር አትጨነቁ። ጋማው ላይ፣ በጆሮዎቹ መካከል፣ ደረቱ ላይና በእግሮቹ ውስጠኛ በኩል ያለው ግን መጥፋት አለበት። ጋማው መሐል ክፍተት ከቀረ ትንሽ ሊጥ አስገቡና ሳይደርቅ በመርፌ የጠጉር መስመር አውጡበት።

አሁን ወደ አንገቱ። የፈረስ ሞዴልን ሕይወት የሚሰጠው የአንገት አቅጣጫ ነው። እግሩን መቀየር አድካሚ ነው፤ ውጤቱም ያን ያህል አይታይም። አንገት ግን በአሥር ደቂቃ ይቀየራል። እንዲህ አድርጉ፦

በቀጭን መጋዝ አንገቱን ከትከሻው በላይ ቁረጡ። ሁለቱም ፊት ላይ መሐሉን በስታችሁ አጭር ሽቦ አስገቡ። ጭንቅላቱን ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ብቻ ወደ ጎን አዙሩት። ከዚያ በላይ ካዞራችሁት የተሰበረ አንገት ይመስላል። በሚዞርበት በኩል ያለውን ፕላስቲክ ትንሽ ሞርዱለት፤ በሌላኛው በኩል የሚከፈተውን ክፍተት በሊጥ ሙሉት። ፈረስ አንገቱን ሲያዞር ከውጪ ያለው ጡንቻ ይለጠጣል፣ ከውስጥ ያለው ቆዳ ይሸበሸባል። በስቴኪኒ ጫፍ ሁለት ሦስት ሽብሽብ መስመር ከውስጥ በኩል አኑሩ። ይህች ትንሽ ነገር ቆርጦ ከመቀጠል ወደ መቅረጽ ታሻግራችኋለች።

ዛቡ መቆረጡ አይቀርም። የተቆረጠውን አንሱትና ከቀጭን ወረቀት አንድ ሚሊሜትር የማይሞላ ክር ቆርጣችሁ በሱፐር ግሉ አርጥባችሁ ተኩት። ከልጓሙ እስከ ጋላቢው ግራ እጅ መድረስ ስላለበት ጋላቢው ሲቀመጥ ነው የሚለጠፈው።

ስለ ግልቢያም አንድ ነገር ልበል። በእ.ኤ.አ. 1878 ፎቶ አንሺው ኤድዋርድ ማይብሪጅ ካሊፎርኒያ ውስጥ የሚጋልብ ፈረስን በተደረደሩ ካሜራዎች ፎቶ አነሳ። አራቱም እግሮች ከመሬት የሚነሱት ሆዱ ሥር ሲሰበሰቡ እንደሆነ ታየ። ከዚያ በፊት ሠዓሊዎች የፊቱን ወደ ፊት፣ የኋላውን ወደ ኋላ ዘርግተው እንደሚበር አድርገው ይስሉት ነበር። ዛሬም እንደዚያ የተዘረጉ ሞዴሎች ያጋጥማሉ። እኔ እነሱን ትቼ በሶምሶማ የሚሄዱትን እመርጣለሁ። የፈረንሳይ ከባድ ፈረሰኛ ሰልፉ እንዳይበተን ብዙ ጊዜ የሚገባው በሶምሶማ ነበርና ለታሪኩም ይስማማል።

ደረጃ 2፦ ራስ ቁሩ

የሥራው እምብርት ይኸው ነው። የጋላቢው ጭንቅላት አራት አምስት ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ ጥሩ ብርሃን ያለበት ቦታ ተቀመጡ። ጭንቅላቱን ገና ከፍሬሙ (ክፍሎቹ ተያይዘው ከሚመጡበት የፕላስቲክ ማዕቀፍ) ሳትቆርጡት ሥሩ። ፍሬሙ እንደ እጀታ ያገለግላችኋል።

መጀመሪያ ከኋላ የሚወርደውን የፈረስ ጭራ ቁረጡ። በአንድ ጊዜ አይደለም፤ በቀጭን በቀጭኑ እየላጣችሁ። ቸኩላችሁ ከገባችሁ የጋላቢውን ማጅራት ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። ቀጥሎ በግራ በኩል የቆመውን ላባ፣ ከዚያም በሸንተረሩ ፊት ያለችውን ትንሽ የጠጉር ጉቶ አንሱ። ዙሪያውን የከበበውን ጠጉር በከተሩ ጫፍ እየፋቃችሁ ልሙጥ አድርጉት። ሸንተረሩን ግን አትጨርሱት። ከፍታውን ወደ ግማሽ አውርዱና ተዉት፤ ጉንጉኑ የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው።

አሁን ሊጡን አዘጋጁ። ቢጫውንና ሰማያዊውን እኩል ወስዳችሁ አንድ ወጥ አረንጓዴ እስኪሆን እሹት። ቢጫና ሰማያዊው በተነካኩበት በኩል ያለው ጠርዝ ቀድሞ ስለሚደርቅ ቆርጣችሁ ጣሉት፤ አለዚያ ጠጣር ፍርፋሪ ይሆንባችኋል። ጣታችሁንና መሣሪያውን በውሃ ካላረጠባችሁ ይጣበቅባችኋል።

ከታሸ በኋላ ወዲያው አትሥሩበት። ግማሽ ሰዓት ያህል ተዉት። ትኩስ ሊጥ እንደ ማስቲካ ይለጠጣል እንጂ ቅርጽ አይዝም። ትንሽ ሲጠነክር 1.5 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው እንዝርት መሳይ ክር አድርጋችሁ አድቦልቡሉት፤ ሁለቱ ጫፎች ቀጠን ይበሉ። ርዝመቱ ከግንባሩ በላይ ጀምሮ አናቱን ዞሮ ማጅራቱ ላይ የሚያልቅ ይሁን። በሸንተረሩ ላይ አስቀምጡና በእርጥብ ስቴኪኒ ከግራና ከቀኝ ጫን ጫን አድርጉት።

ከዚያ መርፌውን አንሱ። ጉንጉኑ ከፈረስ ጠጉር የተሠራ ወፍራም አባጨጓሬ የሚመስል ነገር ነው። መርፌውን ጋደም አድርጋችሁ ከመሐል ወደ ጎን አጫጭር ጭረቶች አውጡ፤ ጥቅጥቅ ይበሉ፣ እርስ በርስ አይነካኩ። መጀመሪያ ግራውን፣ ቀጥሎ ቀኙን፣ መጨረሻ ላይ አናቱን በትንንሽ ነጥብ። ካበዛችሁት ይፈርሳል። እኔ በአንድ ጎን ከአሥራ ሁለት ጭረት አላልፍም።

ግንባሩ ላይ ከቀጭን ወረቀት የተቆረጠች ጠባብ ጥብጣብ ለጥፉ። በዚያ ቦታ «N» ፊደል ያለበት ነጭ ብረት ይቀመጥ ነበር። በዚህ መጠን ፊደሉን መጻፍ አያስፈልግም፤ የብር ቀለም ያላት ጥብጣብ በቂ ናት። ሊጡ አንድ ሌሊት ይደር።

ደረጃ 3፦ የቀረው ገላ

እዚህ ብዙ ሥራ የለም። ጥሩሩ፣ ቀይ የትከሻ ዘርፉ፣ ረጅም ቦቱ፣ ኮርቻው ላይ የሚነጠፈው ነጭ አጎዛ፣ ሁሉም ለካራቢኒየር ይሆናል። ጎራዴውን ግን እዩት። የፕላስቲክ ጎራዴ ቶሎ ይሰበራል፤ ውፍረቱም ከመጠን ያለፈ ነው። ሽቦ ወስዳችሁ በመዶሻ ጠፍጥፉ፣ ጫፉን ሞርዱ፣ ከእጁ መያዣ በላይ ያለውን የፕላስቲክ ስለት ቆርጣችሁ መያዣውን በመሰርሰሪያ ብሱና ሽቦውን በዚያ ቀዳዳ አስገቡት። ጣት አይወጋም፣ ጨዋታ ላይም አይሰበርም።

የእጆቹን አቅጣጫ ለያዩ። ሁሉም ጎራዴውን ወደ ሰማይ ከቀሰረ ሰልፍ ሳይሆን አጥር ይመስላል። ጥቂቶቹ ወደ ፊት ይጠቁሙ፣ ጥቂቶቹ ትከሻቸው ላይ ያሳርፉት።

ጋላቢውን ፈረሱ ላይ አታጣብቁት። ለየብቻ ቀቧቸው። ፈረሱን በሆዱ በኩል በሽቦ እንጨት ላይ፣ ጋላቢውን በመቀመጫው በኩል ቡሽ ላይ ስኩት።

ደረጃ 4፦ ፕራይመር

ፕራይመር ቀለሙ እንዲይዝ አስቀድሞ የሚቀባ መደብ ነው። ሞዴሎቹን በለብታ የሳሙና ውሃ እጠቡና አድርቁ። ስፕሬይ የምትጠቀሙ ከሆነ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ርቃችሁ በስሱ ደጋግሙ። እርጥበት ባለበት አየር አትንፉ። አንድ ጊዜ ዝናብ እንዳባራ ወጥቼ ነፋሁ፤ ስምንት ፈረስ አሸዋ እንደ ተነሰነሰበት ሻካራ ሆኖ ደረቀ። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እየፈገፈግሁ እንደገና ጀመርኩ። አሁን የአየር ጠባዩ ጥሩ ካልሆነ ፕራይመሩን በብሩሽ እቀባለሁ።

ለፈረሶቹ ፈካ ያለ ቡናማ፣ ለጋላቢዎቹ ፈካ ያለ ግራጫ ተጠቀሙ።

ደረጃ 5፦ የፈረሱ ቀለም

ቀለሙን ከመክፈታችሁ በፊት የትኛው ፈረስ ምን እንደሚሆን ወስኑ። ካራቢኒየሮች በደንቡ የሚቀመጡት ጥቁር ፈረስ ላይ ነበር። በ1812 የሩሲያ ዘመቻ ፈረሱ ካለቀ በኋላ ግን የተገኘው ሁሉ ይጫናል። ስለዚህ ለቦሮዲኖ ከሆነ ጉራቻ (ጥቁር) ይብዛ፤ ለዋተርሉ ከሆነ ዳማውን (ቡናማ ሆኖ ጋማውና ጭራው ጥቁር የሆነውን) ቀላቅሉበት። መለከት ነፊው ነጭ ወይም ግራጫ ፈረስ ላይ ይቀመጥ። በጭስ ውስጥ አዛዡ በቀላሉ እንዲያገኘው ነበር።

ለዳማ ፈረስ የዘይት ቀለም ዘዴን የሚያህል የለም። መላ ገላውን በሞቀ ብርቱካናማ ቡናማ አክሪሊክ ቀቡ። ሲደርቅ የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ ደርቡበት፤ ቀጥሎ የሚመጣው ቀለም በቀላሉ እንዲጠረግ ያደርጋል። ከዚያ ጥቁር ቡናማውን የዘይት ቀለም ምንም ሳታቀጥኑ ስስ አድርጋችሁ ፈረሱን ሙሉ በሙሉ ሸፍኑት። በዚህ ሰዓት ሥራው የተበላሸ ይመስላል፤ አትደንግጡ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ቁራጭ ስፖንጅ ወይም ጭረት የማያወጣ ጨርቅ ይዛችሁ ከላይ ወደ ታች በቀስታ ጥረጉ። ቀለሙ ከዳሌው፣ ከትከሻውና ከሆዱ ጉብታ ላይ ይነሳል፣ ጡንቻዎቹ መሐል ይቀራል። ከሥሩ ያለው ብርቱካናማ ሲወጣ የፈረስ ቆዳ ፀሐይ ላይ እንደሚያበራው ያበራል። ስንት ጊዜ ብሠራውም ይህች ቅጽበት አትሰለቸኝም።

የዘይት ቀለም ለመድረቅ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። ጠብቁ።

ሲደርቅ ጋማውን፣ ጭራውንና ከጉልበት በታች ያለውን እግር ጥቁር አድርጉ። የዳማ ፈረስ ደንቡ ይህ ነው። ከጉልበቱ ጋር ያለውን ድንበር በመስመር አትለዩት፤ በእርጥብ ብሩሽ ወደ ላይ አደብዝዙት። ከፈለጋችሁ አንዱን ቦቃ (ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት) አድርጉት፣ ለሌላው ከሰኮናው በላይ ነጭ ካልሲ ስጡት። ሁሉም ላይ ግን አይሆንም። እግሩ ነጭ ከሆነ ሰኮናውም ፈዘዝ ያለ ገለባማ ይሆናል፤ እግሩ ጥቁር ከሆነ ሰኮናው ጥቁር ግራጫ ነው። ይህን ስህተት ፈረስ የሚያውቅ ሰው ቶሎ ያየዋል።

ጉራቻ ፈረስ በንጹሕ ጥቁር አይቀባም። ንጹሕ ጥቁር ጡንቻውን ሁሉ ይውጠዋል። ጥቁር ቡናማ ላይ ጀምሩ፣ የቀጠነ ጥቁር በጎድጓዳው አፍስሱ፣ ጉብታዎቹን ጥቂት ቡናማ በገባበት ጥቁር ግራጫ አውጡ። ለማፍካት ነጭ ብቻ ከጨመራችሁ ሰማያዊ መስሎ ይቀራል።

ለመለከት ነፊው ፈረስ ከግራጫ ተነሥታችሁ ወደ ነጭ ውጡ። አፍንጫውና የዓይኑ ዙሪያ ግን ጠቆር ያለ ይሁን። ጠጉሩ ቢነጣም የእንዲህ ዓይነት ፈረስ ቆዳ ጥቁር ነው።

ዓይኑ ጥቁር ጠብታ ነው፤ በላይኛው ጠርዝ አንዲት የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጭ ነጥብ። ነጩን ዙሪያውን ካደረጋችሁት የበረገገ ፈረስ ይሆናል።

ደረጃ 6፦ ጋላቢው

ነጭ ኮት ብዙ ሰው ያስፈራል። ምክንያቱ ከነጭ መጀመር ነው። ከፈካ ግራጫ ጀምሩ። እጥፋቶቹ ውስጥ ቡናማ የገባበት የቀጠነ ግራጫ አኑሩ። ከዚያ ግራጫውን በነጭ እያፈካችሁ ወደ ላይ ውጡ። ንጹሕ ነጭ የሚነካው የክንዱን አናትና የእጥፋቱን ጫፍ ብቻ ነው።

አንገትጌው ውሃ ሰማያዊ ነው። የእጅጌውን ጫፍም በዚያው ብትቀቡት 2ኛው የካራቢኒየር ሬጅመንት (ክፍለ ጦር) ይሆንላችኋል። የኮርቻው ልብስ ያው ውሃ ሰማያዊ ሆኖ ጠርዙ ነጭ ነው።

ናሱን በጥቁር ቡናማ አክሪሊክ መሠረት ላይ ቀቡ። በቀጥታ ፕራይመር ላይ ከሆነ ቢጫ ፕላስቲክ ይመስላል። አንድ ድርብ ናስ፣ ከዚያ የቀጠነ ቡናማ ጠርዙ ላይና ምስማሮቹ ዙሪያ፣ ከዚያ ናሱን ከትንሽ ብር ጋር ደባልቃችሁ ብርሃን በሚያርፍበት የደረት ጉብታ ላይ ቀጥ ያለ አንድ ጭረት። ለመኮንኑ ናሱን ትታችሁ ቀላ ያለ መዳብ ስጡት፤ የትከሻ ዘርፉንም ብር አድርጉ። ከሩቅ ይለያል።

ጉንጉኑን በጥቁር ቀይ ሸፍኑ። ከዚያ ብሩሹ ላይ ያለውን ቀለም ወረቀት ላይ ጠርጋችሁ በደማቅ ቀይ ከላይ ዳሰስ አድርጉት። ያወጣችኋቸው ጭረቶች አንድ በአንድ ይታያሉ። ለማፍካት ብርቱካናማ ጨምሩ፤ ነጭ ከጨመራችሁ ሮዝ ይሆናል።

ፊቱን መጨረሻ ላይ ሥሩ። የቆዳ ቀለም፣ የቀጠነ ቀይ ቡናማ፣ ከዚያ አፍንጫ፣ ጉንጭና አገጭ ላይ ፈካ ያለ ነጥብ። በቃ።

ደረጃ 7፦ ማገናኘትና መሬቱ

ጋላቢውን አጣብቁ፣ ዛቡን ለጥፉ፣ ሁሉንም በማት (በማያብለጨልጭ) ቫርኒሽ ሸፍኑ። ሲደርቅ ጥሩሩንና ራስ ቁሩን ብቻ በሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ መልሱ። ብረት ከጨርቅ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ለአንድ ፈረሰኛ 25 በ50 ሚሊሜትር የሆነ መቆሚያ ብዙ የጨዋታ ሕጎች ይቀበሉታል። ፈረሱን ትንሽ ሰያፍ አድርጉና አጣብቁ። ኮላ ቀቡ፣ አሸዋ ነስንሱ፣ በጥቁር ቡናማ ቀቡ፣ በፈካ ቡናማ ዳሰስ አድርጉ፣ አንድ ሁለት የሣር ጉቶ ለጥፉ።

ዋተርሉ ከሆነ ጭቃውን አትርሱ። ከውጊያው በፊት በነበረው ሌሊት ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ ነበር። ቁራጭ ስፖንጅ በመሬቱ ቡናማ ነክራችሁ፣ ወረቀት ላይ አራግፋችሁ፣ ሰኮናውና ከጉልበት በታች ያለው እግር ላይ ጠቅ ጠቅ አድርጉ፤ ከዚያ ሆዱና የጋላቢው ቦት ላይ ጥቂት። ከፊት ረድፍ ይልቅ ከኋላ የሚሄዱት ላይ አብዙት፤ የፊተኛው ፈረስ ሰኮና የሚረጨው የኋለኛውን ነውና። ነጩ ኮት ላይ ግን አንዲት ጠብታ ትበቃለች። ከዚያ በላይ ከሆነ ያን ሁሉ የደከማችሁበትን ነጭ ይበላዋል።